ምን ያስቸኩለናል

ደባልቄ በማለዳ ጋቢውን ደርቦ ከቤቱ ሲወጣ ያየ የአምባው ሰው ሁሉ፣ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር በየአገሩ የተበተኑ ዘመዶቹን በልቡ መጥራት ነው። እናቱ ደሴ የቀረች እናቱን፣ ልጁ አዲስ አበባ ያለ ልጁን ያስባል። ከዚያ የደባልቄ እግር ወዴት እንደሚታጠፍ በአጥር ቀዳዳ ያጮልቃል። በሩን ካለፈው «ተመስገን» ይልና ወዲያው ደግሞ «ማንን ይሆን እባክህ?» ብሎ ይደነግጣል። ሰው እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ምን ታደርገዋለህ!

እንጀራው መርዶ መንገር ሆኖ አይደለም። እንዲህ የሚባል እንጀራም የለም። ደባልቄ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለው የሰፋሪዎች አምባ የቀርከሃ አልጋና ወንበር እየሠራ፣ ትንሽ በቆሎና ማሽላ እያረሰ የሚኖር፣ ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ቀጭን፣ ተረበኛ ሰው ነው። ግን ከሩቅ የሞት ወሬ ሲመጣ የእድሩ ሽማግሌዎች ሌላ ሰው አይጠሩም። «ደባልቄ ያውቅበታል» ይላሉ። እውነትም ያውቅበታል። ማታውን ባለመርዶው ቤት ይሄድና ያለ ምክንያት ይቀመጣል፤ ያጫውታል፤ ሰውየው እራቱን እስኪበላ ድረስ አይነሳም። ሌሊቱን በሰላም ያስተኛዋል። ጎህ ሲቀድ ጎረቤቱን ሰብስቦ ይገባል፣ ጠንካራ ሰዎች ከግራና ከቀኝ ያስቀምጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው አፉን የሚከፍት።

ሕግም አለው። መርዶ በሌሊት አይነገርም፤ በባዶ ሆድ አይነገርም፤ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ብቻውን ለሆነ ሰው አይነገርም። «በስልክ መርዶ የሚናገርማ ከሰውም አይቆጠር!» ይላል፤ ይህን ሲል ቀልዱ ሁሉ ይጠፋል።

ይህን ሕግ ከማንም አልተማረም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ደርግ ከወሎ ጭኖ ሲያመጣቸው ገና ጢሙ ያላበቀለ ጎረምሳ ነበር። እናቱ ታማ መጠለያው ውስጥ ቀርታለች፤ በሚቀጥለው መኪና ትመጣለች ተብሏል። አንድ ቀን የእርዳታ ስንዴ ለመቀበል ተሰልፎ ሳለ፣ ከኋለኛው መኪና የወረደ አንድ ሰው ከሩቅ «የይመር ልጅ አንተ ነህ?» አለው። «አዎ» አለ ደባልቄ፣ ፊቱ በርቶ። «እናትህ እኮ ሞተች» አለና ሰውየው ሰልፉን ተቀላቀለ። በቃ ይኸው ነው። ደባልቄ ሣህኑን ይዞ ቆመ። ሰልፉን ትቶ እንዳይወጣ ርቦታል፤ እንዳያለቅስ አጠገቡ የሚያውቀው ሰው የለም። ስንዴውን ተቀብሎ ነው ያለቀሰ። ዛሬም ድረስ ያንን ስንዴ ተቀብሎ ማልቀሱን ለራሱ ይቅር አላለውም። በዚህች አምባ አንድም ሰው እንደዚያ አይረዳም ብሎ የማለው ያኔ ነው።

እንግዲህ እዚህ ድረስ ያወራሁት ሰው ደግ ሰው ነው። ደግነቱን የምጠራጠር እንዳይመስላችሁ። ግን ደግነት ራሱ ሰው ይገድላል፤ እሱን ነው የማወራው።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ ወባው የባሰበት ጊዜ። ደባልቄ ጥላ ሥር ቀርከሃ እየሰነጠቀ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሀይደር ነበር፣ ከኩርሙክ። ሀይደር ከበርታ ብሔረሰብ ነው፤ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፣ ግን ሰው አያሳስትም።

«አባባ ደባልቄ፣ ትዕግሥት ሞተ» አለው። «ወባ ነው፣ ወደ ጭንቅላት ወጣ። ከነሆዱ ሞተ። ዛሬ ጠዋት።»

ደባልቄ ቢላዋውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

ትዕግሥት የጎረቤቱ የሸዋነሽ ልጅ ናት። በእጁ ያሳደጋት ያህል ነው፤ የመጀመሪያዋን የቀርከሃ አልጋ የሠራላት እሱ ነው። ኩርሙክ ሻይ ቤት ልትሠራ ሄዳ ከሀይደር ታናሽ ወንድም ከዓብዱልባሲጥ ጋር ተዋደዱና ተጋቡ። አገሩ ከድንበሩ ማዶ ነው፣ ሱዳን ውስጥ፣ ጀበል ዱንጋ የሚሉት ተራራ አናት ላይ። እዚያው ወሰዳት። ሸዋነሽ ያኔ ያደረገችውን ሁሉም ያስታውሰዋል፤ ሃይማኖቷን ትታ፣ ድንበር ተሻግራ ሄደች ብላ አገር ይያዝልኝ አለች። ሠርግ አልሄደችም። «እኔ ሴት ልጅ አልወለድኩም» አለች፣ በሰው ፊት። የጠሉት ይወርሳል፣ የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ለስንት ጊዜ ሳይነጋገሩ ቆይተው በመጨረሻ ያስታረቃቸው ደባልቄ ነበር፣ በስልክ። ትዕግሥት ነፍሰ ጡር መሆኗን ስትነግራት ሸዋነሽ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ «ስትወልጂ መጥቼ ራሴ ነኝ የማርስሽ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ የእናትና የልጅ ነገር በስልክ ሆነ፤ በዓይን ግን አልተያዩም።

ሀይደር አሁንም አልጨረሰም። «እሷ ሳይሞት ለመነ። ‹እናቴ ፊቴን ሳያይ አትቅበሩኝ› አለ። በኛ ዛሬ ነበር መቅበር። ሼኹን ለመንነው፣ እስከ ጎህ፣ እስከ ፈጅር ሶላት እናቆያለን። ከፈጅር በኋላ አይቻልም፣ ሙቀት ነው። እናትን ይዘህ ና። እኔ ኩርሙክ እጠብቃለሁ።»

«መጣን» አለ ደባልቄ።

የእድሩን ሊቀመንበር ብቻ አማከረ። ሊቀመንበሩ «እንዳትነግራት!» አለው። «ደም ግፊቷን ታውቃለህ። መኪና ላይ ብትሞትብህስ? መርዶ ተሸክመህ ሬሳ ይዘህ ልትገባ ነው?» ደባልቄም ሐሳቡ ይኸው ነበር። መንገድ ላይ አይነገርም። ጠዋት፣ መንደሩ ደርሰን፣ ሴቶቹ ሲከቧት፣ ያኔ እነግራታለሁ፤ ወዲያውም ፊቷን ታያለች አለ በልቡ። የፈጅሩን ነገርማ ሰምቶታል፤ ግን እንደ አምባው ሰው ነበር የሰማው። በአምባው «ጠዋት ይቀበራል» ማለት ከጎንደር የሚመጣው ወንድም፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ልጅ እስኪደርስ ማለት ነው። እናት ሳትደርስ አፈር የሚያለብስ ሰው ደባልቄ በዕድሜው አላየም።

ሸዋነሽ ቤት ጋቢ ሳይደርብ ሄደ። ሆን ብሎ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እጁ ላይ የቀርከሃ ስንጥር፣ አፉ ላይ ፈገግታ። ሸዋነሽ በርበሬ እየነፋች ነበር። ስታየው ወንፊቱ እጇ ላይ ቀረ።

«ደባልቄ! ምነው?»

«አብሽሪ ሸዋዬ፣ ምንም የለም። ትዕግሥት ትንሽ ወባ ነክቷት ነው። ‹እናቴን ጥሩልኝ› ብላ አስቸገረቻቸው። ቀብጣለች፣ ነፍሰ ጡር አይደለች?»

«ሞታ ነው?» አለች፣ ቀጥ ብላ እያየችው።

«ሟርተኛ! ሞታ ቢሆን በዚህ በጠራራ ፀሐይ ያለ ጋቢ እመጣልሽ ነበር?»

ሸዋነሽ ከራሱ እስከ እግሩ አየችው። እውነት ነው፤ ጋቢ የለም፤ ማለዳም አይደለም፤ ኋላው የተሰለፈ ሰውም የለም። ትንፋሿ ተመለሰ። «አንተን ብሎ ጎረቤት! ልቤን አቆምከው እኮ» አለችና ወንፊቱን ጥላ ተነሳች። የአጥሚት ዱቄት ቋጠረች፣ ማር በጠርሙስ ያዘች፣ ለሚወለደው ልጅ ያሰፋችውን አቀፋ አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተች። አቀፋውን ስትከት አይቶ ደባልቄ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

ኩርሙክ ሲደርሱ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። መኪናው ከአሶሳ ጀምሮ አጥንት ሲሰብር ነው የመጣው። ማዶ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ወደ ተራራው የሚሄድ መኪና የለም፤ በእግር ነው፣ ያውም ሙቀቱ ሲበርድ፣ ሌሊቱን። ሀይደር ረጅም ነጭ ጀለቢያውን ወገቡ ላይ አጥብቆ፣ ባትሪና የውኃ ጀሪካን ይዞ ቆሞ ነበር። ሸዋነሽን ሲያይ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና አንገቱን ደፋ። ደባልቄ ቶሎ ብሎ መሐላቸው ገባ።

«ትዕግሥት እንዴት ናት፣ ሀይደር? ተሻላት?» አለች ሸዋነሽ።

ሀይደር ወደ ደባልቄ አየ። ደባልቄ በዓይኑ ለመነው።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሀይደር። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። በሁሉም ነገር ላይ የሚባል ነው።

እሷ ውኃ ስትጠጣ ግን ሀይደር ደባልቄን ጎተተው። «ለምን አልነገርክም? እናት ነው። ያውቅ። ያውቅና ይሩጥ።»

«አይሆንም። መንገድ ላይ አይነገርም። በኔ ይሁንብህ።»

«በናንተ እንዲህ ነው?»

«በኛ እንዲህ ነው።»

ሀይደር ራሱን ነቀነቀና ባትሪውን አበራ።

ድንበሩን ሲሻገሩ ድንበር መሆኑን የሚናገር ነገር አልነበረም፤ ያው ድንጋይ፣ ያው ደረቅ ሣር። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ሆነ። ሸዋነሽ መጀመሪያ ላይ ሁለቱንም ወንዶች አስከነዳቻቸው። እያለከለከች ታወራለች። ልጇ በሕፃንነቷ ማንጎ ዛፍ ላይ ወጥታ መውረድ አቅቷት ስትጮህ፣ ደባልቄ መሰላል ይዞ የሮጠውን አነሳች።

«ትዝ ይልሃል? ‹አባባ ደባልቄ እስኪመጣ አልወርድም› ያለችው?»

«ትዝ ይለኛል።»

«እንዴት ዝም አልክ ዛሬ? አንተ እኮ ሬሳ ታስቅ ነበር።»

«ሽቅብ እኮ ነው ሸዋዬ፣ ትንፋሽ ልቆጥብ።»

እሷ ግን አትቆጥብም። «ሳገኛት መጀመሪያ እቆጣታለሁ» አለች። «‹እንዲህ ያለ ተራራ ላይ ለምን ወጣሽብኝ፣ ሜዳ ጠፍቶ ነው?› እላታለሁ።» ትንሽ ሄደችና «አይ፣ አልቆጣትም። መጀመሪያ ፊቷን ነው የማየው። ፊቷ እኮ ጠፍቶብኛል ደባልቄ። ድምጿ አለ፤ ፊቷ ግን እየጠፋብኝ ነው። ያቺ ስልክ ድምፅ እንጂ ፊት አታመጣ» አለች።

ደባልቄ ሆድ ይፍጀው አለና ረገጠ። አንዴ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። «ሸዋዬ» አለ። «ወይ» አለች። ጨለማ ነው፤ ገደል አጠገባቸው ነው፤ ደግፎ የሚይዝ ሴት የለም፤ የሚጮህላት ጎረቤት የለም። ሣህኑን ይዞ የቆመው ጎረምሳ ፊቱ ላይ መጣበት። «ጨለማ ነው፣ እግርሽን አይተሽ ርገጪ» አላት።

ከተራራው ወገብ ላይ ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች ትተውት የሄዱት የሣር ዳስ አለ። እዚያ ሲደርሱ የሸዋነሽ ጉልበት አበጠ። ተቀመጠችና ጉልበቷን ይዛ ተነፈሰች። ሀይደር ቆሞ ሰማዩን ያያል፤ ባትሪውን ያጠፋል፣ ያበራል።

«እናት ደክሞታል፣ ግን እንሂድ» አለ። «እኔ እደግፋለሁ። እኔ እሸከማለሁም።»

ሸዋነሽ ቀና አለች። ሀይደርን አየች፣ ደባልቄን አየች። ድምጿ ድንገት ቀጠነ።

«ደባልቄ፣ የሚያስቸኩል ነገር አለ እንዴ? እውነቱን ንገረኝ። ካለ በእጄ ድሄም ቢሆን እሄዳለሁ።»

ይኼውላችሁ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው። «አዎ» ቢላት በቂ ነበር፤ ሌላውን ራሷ ትጨርሰው ነበር። ግን «አዎ» ማለት መርዶ ነው። በሌሊት፣ በባዶ ሆድ፣ መንገድ ላይ፣ ብቻዋን ለሆነች ሴት። ሕጉን ሁሉ በአንዲት ቃል ማፍረስ ነው። ደባልቄ አጠገቧ ቁጭ አለና እንደ ድሮው ሳቀ።

«ምን ያስቸኩለናል? ወባ እኮ ነው ሸዋዬ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ትንሽ ጋደም በይ፣ ጉልበትሽ ሲመለስ እንነሳለን።»

ሸዋነሽ ፊቱን በባትሪው ብርሃን አየችው። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ፣ ተፈታ፣ ፊቷ ላይ አንድ ነገር በራ። «እንግዲያው ደግ ነው» አለች። «እንግዲያው ደግ ነው፣ ወንድሜ።» ከያዘችው ዳቦ ቆርሳ አበላቻቸው፤ ራሷም በላች። ከአምባው ከወጡ ጀምሮ እህል አፏ ሲገባ ያየው ያኔ ነው። ነጠላዋን ተከናንባ፣ የአጥሚቱን ቋጠሮ ተንተርሳ፣ እጇን አቀፋው ላይ አድርጋ ተኛች። እንደ ሕፃን ነው የተኛችው።

ሀይደር ቆይቶ «ቀስቅስ» አለ።

«ትንሽ።»

አሁንም ቆየ። «አባባ፣ ቀስቅስ። ፈጅር ይደርሳል።»

ደባልቄ ጎንበስ ብሎ አያት። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፤ ግንባሯ ላይ አንድም መስመር የለም። ነገ ይህች ሴት እንዲህ አትተኛም አለ በልቡ፤ ከነገ ጀምሮ እስክትሞት ድረስ እንዲህ አትተኛም። እጁን ወደ ትከሻዋ ዘረጋ፣ መለሰው። «እናት ሳትደርስ አይቀብሯትም» አለ።

«ይቀብራሉ፣ አባባ።»

«እናቷ እኮ ናት!»

ሀይደር ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እጁን አጥፎ ጠበቀ። ሽማግሌን መግፋት ነውር ነው፤ እሱም የራሱ ሕግ አለው።

ሸዋነሽ ራሷ ነው የነቃችው፣ ሰማዩ ሲገረጣ። «አይ እንቅልፍ! አስተኛችሁኝ አይደል?» ብላ ሳቀች። ጉልበቷ ተሽሎታል። የቀረውን መንገድ ሀይደር ሊሮጥ በሚቃጣው እርምጃ መራቸው፤ ከሩቅ የአዛን ድምፅ ሲሰማ ቆመ፣ ከንፈሩን አነቃነቀ፣ እንደገና ፈጠነ። ደባልቄ የሚናገረውን በልቡ ያዘጋጃል፤ «ሸዋዬ፣ እግዜር የሰጠውን እግዜር ይወስዳል…» ይልና ደግሞ ያፈርሰዋል።

መንደሯ ስትታይ ፀሐይ ወጥታ ነበር። የሣር ክዳን ያላቸው ክብ ቤቶች፣ ዙሪያቸው ድንጋይ። ከመንደሯ ማዶ ካለው ጉብታ ነጭ የለበሱ ወንዶች በዝምታ እየወረዱ ነው። አንዳንዶቹ አካፋ ይዘዋል። ከፊት ያለው ዓብዱልባሲጥ ነበር፣ ጀለቢያው እስከ ጉልበቱ ቀይ አፈር ለብሶ።

ሀይደር መንገዱ መሐል ቆመና ሁለት መዳፉን ወደ ፊቱ አነሳ።

ሸዋነሽም ቆመች። አካፋዎቹን አየች፤ አፈሩን አየች፤ ከፊት ያለውን ወጣት አየች። ደባልቄ «ሸዋዬ» ብሎ ጀመረ። ያ ሁሉ ሰው የተረዳበት አፉ ከዚያ በላይ አልሄደለትም።

«ቀበሯት?» አለች።

ወንዶቹ አካፋቸውን ወደ ኋላ ሸሸጉ።

«ልጄን ቀበሯት?» አለች እንደገና፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷ የምታስረዳ ያህል። ከዚያ ጮኸች። ያንን ጩኸት ደባልቄ አያውቀውም ነበር። ስንት ሰው አርድቷል፤ የሰው ጩኸት ሁሉ ያውቃል፤ ይህንን ግን አያውቀውም። ነጠላዋ ወደቀ፣ ማሩ ድንጋይ ላይ ተሰበረ፣ ደረቷን ትመታለች፣ አቀፋውም ከደረቷ ወጥቶ መሬት ላይ ተዘረጋ። ዓብዱልባሲጥ ሮጦ መጣና እግሯ ላይ ወደቀ። ያልመረቀችው አማቿ ነው፤ ዓይኗ አይቶት አያውቅም። ያነሳችው እሷ ናት፣ ክንዱን ይዛ። ሁለቱም አብረው ወደቁ።

ሴቶቹ ከቤት ወጥተው ከበቧት። ደባልቄ እንዳሰበው ከግራም ከቀኝም ያዟት። ያሰበው ሁሉ ሆኗል፤ ሴቶቹ አሉ፣ ጠዋት ነው፣ ሆዷም ባዶ አይደለም። አንዲት ነገር ብቻ የለችም።

የዓብዱልባሲጥ እናት ትንሽዬ፣ ሽበታም ሴት ናት። አማርኛ አታውቅም። የሸዋነሽን ፊት በሁለት እጇ ይዛ በበርታኛ ብዙ ነገር ተናገረች፤ ሀይደር እያለቀሰ ተረጎመው።

«ሌሊቱን ሁሉ በሩን አልዘጋንም ይላል። ገላውን አጥበን ገነዝነው፣ ፊቱን ብቻ ሳንሸፍን ተውነው ይላል። ለእናት ብለን። መንገዱን የሚያይ ሰው አቆምን ይላል። ፈጅር ተሰገደ፣ ትንሽ ጠበቅን። ሼኹ ‹በቃ፣ ሬሳው ይጎዳል› አለ። ፊቱን የሸፈንኩት እኔ ነኝ፣ በመጨረሻ። ለእናት ብዬ ሳምኩት ይላል።»

ሸዋነሽ ጩኸቷን አቆመች። የሴትዮዋን እጅ ያዘችና ጣቶቿን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ራሷን ዞር አድርጋ ደባልቄን ፈለገችው። ከሰዎቹ ኋላ ድንጋይ ተደግፎ ቆሞ ነበር።

«ደጄ ስትደርስ ገብቶኝ ነበር» አለችው። ድምጿ ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ምን ነበረበት! «ስታየኝ ገብቶኝ ነበር። መኪናው ላይም ሆዴ ያውቀው ነበር። እዚያ ዳሱ ውስጥ ግን ‹ምን ያስቸኩለናል› አልከኝ። እንግዲያው በሕይወት አለች አልኩ። ሞታ ቢሆን ደባልቄ ያስሮጠኝ ነበር አልኩ። ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት። ልጄ ፊቷን ገልጣ በር በሩን ስትጠብቀኝ፣ እኔ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።»

ደባልቄ ከዚያች ቦታ እስኪነሳ ድረስ ፀሐዩ አናቱ ላይ ደረሰ። ውኃ አመጡለት፤ አልጠጣም። የልጅቷን መቃብር ያሳየው ሀይደር ነው። ቀይ አፈር፣ ራስጌው ላይ አንድ ድንጋይ፣ አፈሩ ገና እርጥብ። ደባልቄ ተንበርክኮ «ትዕግሥቴ፣ መሰላሉን ይዤ ዘገየሁብሽ» አለ። ከዚያ በኋላ ያለቀሰው ልቅሶ የሷ ብቻ አልነበረም፤ የስንዴው ሰልፍም ነበረበት።

ሐዘኑ እስኪወጣ እዚያው ቆዩ። ሸዋነሽ እህል እምቢ ስትል፣ የዓብዱልባሲጥ እናት ያንን ለትዕግሥት የመጣውን የአጥሚት ዱቄት አውጥታ፣ ሀይደርን እንዴት እንደሚሠራ እያስጠየቀች አፈላችው። ቀጠነባት፣ ጓጎለባትም። ሸዋነሽ አየችው፣ አንገቷን አወዛወዘች፣ ጠጣችው። ሌሊት ሌሊት ሁለቱ እናቶች በአንድ አንገረብ ላይ፣ በዚያ በጠፍር አልጋ ላይ፣ ተደጋግፈው ያድራሉ። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም፤ ግን ሸዋነሽ «ፊቷ እንዴት ነበር?» ብላ በእጇ ፊቷን ስትዳብስ፣ ያቺኛዋ ይገባትና በጣቷ የሟቿን ቅንድብ፣ አፍንጫ፣ ከንፈር በራሷ ፊት ላይ ታሳያታለች። ደባልቄ ይህንን በደጃፉ አልፎ ሲሄድ አየ፤ ሁለተኛ በዚያ ደጃፍ አላለፈም።

ወደ አምባው ከተመለሱ በኋላ እድርተኛው ሁሉ ደባልቄን አመሰገነው። «በሰላም አደረስካት፣ ራሷን ሳትስት» አሉት። እሱ ጎንበስ ብሎ ቀርከሃውን መሰንጠቅ ያዘ። ሸዋነሽም በሰው ፊት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ዛሬም ሲገናኙ «እንዴት አደርክ» ትለዋለች፣ ሰንበት ሲሆን ቂጣ ትልክለታለች። ሰው ግን ያስተውላል፤ ደባልቄ መቀለድ ትቷል። ክረምት ሲገባ የእድሩ ሊቀመንበር ከደሴ የመጣ የሞት ወሬ ይዞ ደጁ ላይ ቢቆም፣ ጋቢውን አላነሳም። «ሌላ ሰው ፈልጉ» አለ። ሊቀመንበሩ ተቆጣ፣ ለመነ፣ ሄደ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ሸዋነሽ መጣች። ይህንን ሰምታ ነው የመጣችው። በርጩማ ሳበችና አጠገቡ ተቀመጠች፤ የሚሰነጥቀውን ቀርከሃ ጫፉን ያዘችለት።

«ደባልቄ» አለችው።

«ወይ ሸዋዬ።»

«ልጄ ምንያህል አዲስ አበባ ብቻውን ነው። ሹፌር ነው፣ ሌሊት ነው የሚነዳው፤ አጠገቡም ማንም የለ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ የሞትኩ ለት፣ አንተ እንዳትነግረው። በስልክም ቢሆን፣ በሌሊትም ቢሆን፣ ያገኘው ሰው ይንገረው። ሮጦ ይምጣና ፊቴን ይየኝ።»

ደባልቄ ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እሺ» አላት።